ያላዘዙት ዕቃ፣ ያልፈረሙት ዱቤ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ የታክሲ ነጂ፣ ለጽሑፉ ሲባል አቶ እገሌ ይባሉ፣ ከሥራ ሲገቡ በር ሥር ከሚጠብቃቸው የማስታወቂያ ወረቀት ክምር ውስጥ አንድ ቀጭን ፖስታ ያገኛሉ። ላኪውን ስለማያውቁት ሳይከፍቱ ይጥሉታል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲደገም ግን ይከፍቱታል። የጻፈላቸው አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ኩባንያ ሲሆን፣ በካታሎግ እያስተዋወቀ በፖስታ ዕቃ ከሚሸጥ ድርጅት በዱቤ ወስደው ያልከፈሉት 386 ዶላር እንዳለባቸው ይገልጻል።

አቶ እገሌ ከዚህ ድርጅት መርፌ እንኳ ገዝተው አያውቁም። ካታሎጉን ግን በመልኩ ያውቁታል። በየወቅቱ ይመጣል፤ በየወቅቱም ሳይገለጥ ቆሻሻ መጣያ ይገባል።

አቶ እገሌ ለምሳሌ የቀረቡ ሰው ናቸው። ችግሩ ግን የምሳሌ ችግር አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ የማንነት ስርቆት አቤቱታዎችን መዝግቧል። ከእነዚህ መካከል ባንክ የተዘረፈባቸውና መኪና በስማቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ወሬ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። በሦስትና በአራት መቶ ዶላር የአልጋ ልብስ ዱቤ ስማቸው የጠፋ ሰዎች ጉዳይ ግን የማንንም ትኩረት አይስብም። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ትላልቅ ዝርፊያዎች መለማመጃ ይህችው ትንሿ ዱቤ ናት።

ለመሆኑ ይህ የካታሎግ ዱቤ ምንድን ነው?

ካታሎግ ለአሜሪካ ገበሬ ሱቅ ማለት ነበር። አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1872 ቺካጎ ውስጥ የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ ያለበት አንድ ወረቀት አትሞ ለገበሬዎች ሲልክ፣ የአካባቢው ባለሱቆች ክፉኛ ተቆጥተው ነበር ይባላል። ቢቆጡም አይፈረድባቸውም። ከዚያ በፊት ገበሬው በአቅራቢያው ካለው ሱቅ በተጠየቀው ዋጋ ከመግዛት በቀር ምርጫ አልነበረውምና። ቀጥሎ ሲርስ ሮባክ መጣ። የመንግሥት ፖስታ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ገጠር ድረስ ደብዳቤ ማድረስ፣ ከ1913 ጀምሮ ደግሞ ትላልቅ ጥቅል መቀበል ሲጀምር የካታሎግ ንግድ ክንፍ አወጣ። ሲርስ እ.ኤ.አ. በ1911 ዱቤ መስጠት ጀመረ። ያ ታዋቂ ወፍራም ካታሎጉ እ.ኤ.አ. በ1993 መታተሙን ቢያቆምም ያስለመደው አሠራር ግን አልሞተም።

ዛሬ የካታሎግ ዱቤ ሲባል የሚታሰበው ሌላ ዓይነት ድርጅት ነው። ለምሳሌ ፊንገርሃት እ.ኤ.አ. በ1948 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሁለት ወንድማማቾች የተቋቋመው የመኪና ወንበር ልብስ በመሸጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ እሱና መሰሎቹ የሚሸጡት ዋናው ነገር ዕቃው ሳይሆን ወርኃዊ ክፍያው ሆነ። በካታሎጉ ገጽ ላይ የዕቃው ሙሉ ዋጋ በደቃቃ ፊደል፣ የወሩ ክፍያ ደግሞ በጉልህ ይጻፋል። ደንበኞቻቸውም ባንክ ክሬዲት ካርድ የከለከላቸው፣ አንድ ጊዜ ወድቀው የተነሡ፣ ወይም ጨርሶ የዱቤ ታሪክ የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

አዲስ የገባ ስደተኛ በሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ይመደባል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሱቅና ጥሩ ስም የነበረው ሰው ዋሽንግተን ሲደርስ በክሬዲት ቢሮዎች ዓይን ትናንት እንደተወለደ ሕፃን ይቆጠራል። አሜሪካ የምትጠረጥረው ገንዘብ የሌለውን ሰው ሳይሆን ታሪክ የሌለውን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ የቀደመ ወዳጅ "በካታሎግ ትንሽ ዕቃ ውሰድና በየወሩ ክፈል፤ ክሬዲት ይገነባልሃል" ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ ስህተት አይደለም። ክፍያው በየወሩ ለክሬዲት ቢሮዎች ከተላለፈ ታሪክ ይሆናል፤ ታሪኩም ውሎ አድሮ አፓርታማ ያስከራያል፣ መኪና ያስወስዳል።

ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። አንድ ሰው 300 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በዓመት 30 በመቶ ወለድ ወስዶ በወር 15 ዶላር ብቻ ቢከፍል፣ ዕዳውን ለመጨረስ 28 ወር ያህል ይፈጅበታል፤ በድምሩም ወደ 421 ዶላር ይከፍላል። ካታሎጉ ዋጋውን ከመደብር ዋጋ አስበልጦ የጻፈው ከሆነ ደግሞ ትርፉ ሁለት ጊዜ ተወሰደ ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ይህን ንግድ በጅምላ ማውገዝ አይገባም። ሌላ በር የተዘጋበት ሰው ውድ በር ከፍቶ ቢገባ ምርጫው የራሱ ነው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው እሱ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከፋዩ ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

የመርካቶ ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው ፊት አይቶ ነው። ቤቱን ያውቃል፣ ልጆቹን ያውቃል፣ ደመወዝ የሚቀበልበትን ቀን ያውቃል። ዕቁብ ሰብሳቢም ዋስ ይጠራል። የካታሎጉ ድርጅት ግን ደንበኛውን አያየውም። የሚያየው አራት ነገር ነው፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር። እነዚህ አራቱ ከተገጣጠሙ መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈቀደው ዱቤ አነስተኛ ስለሆነ ምርመራው ጥብቅ አይደለም። ዕቃው እንዲላክበት የሚፈለገው አድራሻ ከባለስሙ የቀድሞ አድራሻ ቢለይም የግድ አያጠራጥርም፤ ሰው ቤት ይቀይራል፣ ስጦታም ይልካልና። ሌባው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በእጁ የገባው ቁጥር ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በአንድ የቡና ማፊያ ማሽን ይሞክረዋል። ከሠራለት ወደ ክሬዲት ካርድ፣ ከዚያም ወደ መኪና ብድር ያልፋል።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ የሆነው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1936 መታደል ሲጀምር ዓላማው የሠራተኛውን ገቢ ለጡረታ መመዝገብ ብቻ ነበር። እንዲያውም ከ1946 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ ለመታወቂያነት እንደማያገለግል ተጽፎበት ነበር። ጽሑፉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀረ፤ በዚያን ጊዜ የሚታዘዝለት አልነበረም።

ቁጥሩ ምን ያህል በቀላሉ የሰው እጅ እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 በኒው ዮርክ ግዛት ሎክፖርት ከተማ የሚገኝ አንድ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ በቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለገዢ ለማሳየት የናሙና ካርድ አትሞ በየቦርሳው ይከትታል። ችግሩ በናሙናው ላይ የታተመው ቁጥር የድርጅቱ ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር መሆኑ ነበር። ቦርሳው በመላ አገሪቱ በሚገኙ የዉልዎርዝ መደብሮች ተሸጠ። ካርዱ መጠኑ ትንሽ፣ ቀለሙም የተለየ ሆኖ ሳለ ብዙ ገዢዎች ቁጥሩ የራሳቸው መስሏቸው ተጠቀሙበት። በድምሩ ከ40,000 በላይ ሰዎች ያንን ቁጥር የእኔ ነው ብለው አስመዝግበዋል፤ እስከ 1977 ድረስም 12 ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር። ጸሐፊዋ አዲስ ቁጥር ተሰጣት። እነዚያ ሰዎች ሌቦች አልነበሩም፤ የዋሆች ነበሩ። ቁጥሩን ከሰውየው ለይቶ ያላየው አሠራሩ ራሱ ነው።

"የእኔ አይደለም" ማለት ስንት ደብዳቤ ይጠይቃል?

ወደ አቶ እገሌ እንደገና ሲመለስ፣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ስልክ መደወል ነው። ካታሎጉ ድርጅት ይደውላሉ። ዱቤውን የሰጠው አብሮት የሚሠራ ባንክ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ይነገራቸዋል። ባንኩ ዘንድ ሲደውሉ ሒሳቡ ተዘግቶ ዕዳው ለሌላ እንደተሸጠ ይነገራቸዋል። የገዛው ኩባንያ ደግሞ በእጁ ያለው ስም፣ ቁጥርና የገንዘብ መጠን የያዘ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ማን እንዳዘዘ፣ ምን እንደታዘዘ፣ የት እንደደረሰ አያውቅም። የሚያውቀው አቶ እገሌ መክፈል እንዳለባቸው ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሦስቱ ታላላቅ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ማለትም ወደ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ይጽፋሉ። ሕጉ ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ እንዲመልስ ያዛል። የማጣራቱ ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ደንበኛው እንቅልፍ አጥቶ የጻፈው ሦስት ገጽ ደብዳቤ ቢሮው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወደ አጭር ኮድ ይቀየራል፤ "ሒሳቡ የእኔ አይደለም ይላል" የሚል ፍቺ ያለው ኮድ ነው። ኮዱ በኮምፒዩተር መስመር ለአበዳሪው ይላካል። አበዳሪው መዝገቡን ይከፍትና ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ቢሮው ከላከው ጋር ያመሳክራል። ሁሉም አንድ ነው። "ተረጋግጧል" ብሎ ይመልሳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። መረጃው የሚገጣጠመው ሌባው በትክክል ስለሰረቀ ነው። ስሙን አሳስቶ የጻፈ ሌባ ቢሆን ኖሮ ማጣራቱ ያጋልጠው ነበር። ጥሩ ሌባ ባጋጠመው ሰው ላይ ማጣራቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምበታል። የራስን ፊት በመስተዋት አይቶ ሌላ ሰው መጣ እንደማለት ነው።

ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የማንነት ስርቆት በፌዴራል ደረጃ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። በ2003 የወጣው ሕግ ደግሞ ለተበዳዩ ጠቃሚ መሣሪያዎች ሰጥቶታል። ከእነዚህ አንዱ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት ነው። ተበዳዩ ማንነቱንና የስርቆቱን አቤቱታ የሚያስረዳ ሰነድ አያይዞ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ዱቤውን የሰጠው ድርጅት በስሙ የቀረበውን ማመልከቻና የግዢውን መዝገብ ቅጂ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። የስርቆት ሪፖርት የደረሰው ክሬዲት ቢሮም በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ያንን ሒሳብ ከተበዳዩ መዝገብ ላይ ማገድ ይኖርበታል። በስልክ የሚለምን ሰው ወራት የሚያሳልፍበትን ጉዳይ፣ የሕጉን አንቀጽ ጠቅሶ በአደራ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በሳምንታት ይጨርሰዋል። ልዩነቱ በዕውቀት እንጂ በእውነት ብልጫ የመጣ አይደለም፤ ይኸውም አሳፋሪ ነው። ከሌሊት ሥራ የገባ፣ እንግሊዝኛው ለመንገድና ለሒሳብ ያህል ብቻ የሆነ ሰው ይህን አንቀጽ ከየት ያገኘዋል?

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ መዝገብ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ግን የአባቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ሲጨመር እሱ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ስለዚህ አባትና ልጅ በመዝገብ ላይ የማይዛመዱ ሰዎች ይመስላሉ፤ የማይዛመዱ ሁለት ሰለሞን ተስፋዬዎች ደግሞ አንድ ሰው ይመስላሉ። ተስፋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለትና ሦስት ዓይነት መልክ አለው፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ አንድ፣ ባንክ ላይ ሌላ ይሆናል። የትውልድ ቀኑም እንዲሁ ነው። ቀናቸው በሰነድ ባለመገኘቱ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላቸው ስደተኞች ብዙዎች ናቸው። የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ሳይለውጥ የጻፈ ሰው ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። ስምና ቀን የሚመሳሰሉ ሰዎች አንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም አንድ ሕንፃ ሲኖሩ፣ ያንዱ የካታሎግ ዕዳ ሌባ ሳያስፈልገው በሌላው መዝገብ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ይህ የተጋነነ ሥጋት የሚመስለው ሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የወሰነውን የትራንስዩኒየንና የራሚሬዝ ክርክር ያስታውስ። ከሳሹ መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ ስሙ መንግሥት ንግድ እንዳይደረግባቸው ከከለከላቸው የሽብርተኞችና የዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተከለከለ። ማመሳከሪያው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። በክሱ የተጠቃለሉት ሰዎች 8,185 ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ለካሳ ክስ መብት አላቸው ያላቸው የተሳሳተው መረጃ ለሌላ ወገን የተላለፈባቸውን 1,853 ሰዎች ብቻ ነው። የቀሩት ስማቸው በመዝገብ ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጦ ሳለ አልተጎዱም ተባለ።

ሌባው የቤት ሰው ሲሆን

አቶ እገሌ አንድ የሚያውቅ ሰው መክሯቸው ደብዳቤውን ጻፉ እንበል። በሃያ አምስተኛው ቀን የማመልከቻው ቅጂ ደረሳቸው። ስሙ የእሳቸው ነው። ቁጥሩም የእሳቸው። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ የአልጋ ልብስና አነስተኛ ቴሌቪዥን ታዟል። ዕቃው የደረሰበት አድራሻም የራሳቸው ቤት ነው፤ ቤዝመንቱ። ባለፈው ዓመት እዚያ ቤዝመንት ይኖር የነበረው የእኅታቸው ልጅ ነው።

ብዙ የማንነት ስርቆት ጉዳዮች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። ስለ ባዕድ ጠላፊዎች ብዙ ይወራል። ነገር ግን ፖስታውን ከሳጥን የሚያወጣው፣ የግብር ወረቀቱን በመሳቢያ ውስጥ የሚያገኘው፣ የትውልድ ቀን የሚያውቀው የቤት ሰው ነው። ልጁም ራሱን እንደ ሌባ ላያይ ይችላል። አዲስ መጥቷል፣ ክሬዲት የለውም፣ "አጎቴ ስም ላይ ላውጣና በየወሩ እከፍላለሁ" ብሎ አስቦ ይሆናል። ሦስት ወር ከፍሎ ሥራው ሲቆም አቆመ።

ሕጉ አቶ እገሌን ነጻ ለማውጣት ዝግጁ ነው። የሚጠይቀው ወንጀል መፈጸሙን፣ ሐሰት ቢሆን በሚያስቀጣ ቃል፣ ለመንግሥት እንዲያስመዘግቡ ነው። ቅጹ ድርጊቱን ማን እንደፈጸመው የሚያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዳንዱ አበዳሪ በዚያ ላይ የፖሊስ ሪፖርት ይፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ገና ያላለቀለትን የእኅት ልጅ ስም እዚያ ቅጽ ላይ የሚጽፍ አጎት ስንት ይገኛል? በአገር ቤት ልማድ ነገሩ ለሽማግሌ ይሰጣል፤ ልጁ ይገሠጻል፣ እግር ስሞ ይታረቃል፣ ገንዘቡ በእቃ ወይም በጉልበት ይመለሳል። ዕርቁ በሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ቢያልቅም አትላንታ ያለው ክሬዲት ቢሮ ግን ዕርቅ አይመዘግብም። አቶ እገሌ ወይ የሥጋ ዘመዳቸውን መክሰስ፣ ወይ ያልበሉትን ዕዳ መብላት አለባቸው።

እዚህ ላይ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሳት አለበት። ልጁ አጥፍቷል። አጎትየውም ወረቀታቸውን በመሳቢያ ማስቀመጣቸው ጥፋት ከተባለ አጥፍተዋል። ዱቤውን የሰጠው ድርጅት ግን ከማንም በላይ ማጣራት የሚችል ሆኖ ሳለ አላጣራም። ያላጣራውም ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ ማጣራት ገዢ ስለሚያሸሽ ነው። ከመቶ ማመልከቻ ጥቂቱ የሌባ ቢሆንም የቀሪው ትርፍና ወለድ ኪሣራውን ይሸፍነዋል። በድርጅቱ ሒሳብ ይህ የተለመደ ወጪ ነው። በአቶ እገሌ ሕይወት ውስጥ ግን የቤት ብድራቸው ወለድ ከፍ ያለበት ምክንያት ነው። ትርፉ ለአንዱ፣ ኪሣራው ለሌላው የተደለደለበት ንግድ ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

መፍትሔው የሚከብድ አይደለም። ማመልከቻ የቀረበበት ሰው በክሬዲት መዝገቡ ላይ በሚታወቀው ስልክና አድራሻ፣ ዕቃው ከመላኩ በፊት፣ "በስምዎ ዱቤ ተጠይቋል" የሚል ማሳወቂያ ይድረሰው። እሱ ካላረጋገጠ ዕቃው አይላክ። ከሁሉም በላይ ግን "የእኔ አይደለም" የሚል ቃል ከተሰጠ በኋላ የማስረዳት ሸክም ወደ አበዳሪው ይዙር። ሰውየው ማዘዙን ማስረዳት ያልቻለ አበዳሪ ዕዳውን ለሰብሳቢ መሸጥ አይገባውም። አሁን ያለው ሕግ ሽያጩን የሚከለክለው ተበዳዩ ስርቆቱን ካመለከተ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው።

ክሬዲትን ማሳገድ፣ በተለምዶ ፍሪዝ የሚባለውም ቢሆን ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢኩፋክስ ከተሰረቀ በኋላ፣ ከ2018 መስከረም ጀምሮ ይህ አገልግሎት በመላ አሜሪካ በነጻ ሆኗል። ጥሩ ነው። አቶ እገሌም ሆኑ ሌላው አንባቢ ዛሬውኑ በሦስቱም ቢሮዎች ቢያስደርጉት ይጠቅማቸዋል፤ ሲፈልጉም ያስነሱታል። ይሁን እንጂ በሩ ክፍት ሆኖ የሚያድረው ባለቤቱ ዝጉልኝ እስኪል ድረስ ነው። ተዘግቶ ቢያድርና ባለቤቱ ሲፈልግ ቢከፈት ምን ይጎዳ ነበር?

"በሩ ከጠበበ አዲስ ገቢው ስደተኛ ይጎዳል" የሚል መከራከሪያ አለ፤ ቀላል አይደለም። መዝገብ የሌለውን ሰው በየትኛው አድራሻ ትጠይቀዋለህ? ነገር ግን ይህ ሰው የሚጎዳው ለመጀመሪያው ዕቃ ጥቂት ቀን በመጠበቅ ነው። ስሙ ከተሰረቀ ግን ገና ያልጻፈው ታሪክ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ለአልጋ ልብስ ሳምንት መጠበቅ የሚከብደው የለም።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ገበያ ሩቅ የሚመስል ካለ፣ ሩቅ አይደለም። በስልክ የሚሰጥ ዱቤ በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር በኩል ከዳሸን ባንክ ጋር ከተጀመረ ወዲህ፣ ያለ መያዣና ያለ ዋስ በደቂቃ ውስጥ ገንዘብ ማግኘት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ይህም ልክ እንደ ካታሎጉ ባንክ ደጅ ያልደረሰውን ሰው የሚጠቅም ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ፋይዳ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ስለሚይዝ ከተራ ቁጥር የተሻለ ነው። ግን የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተትቶ በሚቀርበት፣ ልጅ በወንድሙ ስም ሲም ካርድ በሚያወጣበት፣ ባል የሚስቱን የሚስጥር ቁጥር በሚያውቅበት አገር፣ ዱቤው የወጣው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ባንኮቹ ያኔ ማን እንዲያስረዳ እንደሚጠይቁ አሁኑኑ በውላቸው ላይ ይጻፉት። ደንበኛውም ውሉን ከመቀበሉ በፊት ይህችን አንቀጽ ይፈልግ።

አቶ እገሌ ቅጹን አልሞሉትም። 386 ዶላሩን በሁለት ጊዜ ከፍለው ጨረሱ። የተከፈለ ዕዳም ቢሆን ክፍያው ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት በመዝገብ ላይ ሊቆይ እንደሚችል የተነገራቸው ከከፈሉ በኋላ ነው። ለእኅታቸው አልነገሯትም። በሚቀጥለው ወቅት የሌላ ድርጅት ካታሎግ በስማቸው መጣ፤ ሽፋኑ ላይ ዱቤ ቀድሞ እንደተፈቀደላቸው ይገልጻል። ይህን ግን ቆሻሻ ውስጥ አልጣሉትም። ስማቸው ያለበትን ገጽ ቀደው ትንንሽ አድርገው ቆራረጡት።